የመጀመሪያዎቹን ክርስቲያኖች ታሪክ ራሳችሁ መመርመር ከፈለጋችሁ ከየት ትጀምራላችሁ?

"አርኪዮሎጂስቶች መጽሐፍ ቅዱስን አረጋገጡ" የሚል ቪዲዮ አይታችሁ፣ በሳምንቱ ደግሞ "ክርስትና ተረት መሆኑ ታወቀ" የሚል ሌላ መጥቶ ግራ የተጋባችሁ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። የሁለቱም ችግር አንድ ነው፣ የሚያወሩት ከያዙት ማስረጃ በላይ ነው። ክርስትና እውነት ነው አይደለም የሚለው በአካፋና በብሩሽ የሚመለስ ነገር አይደለም። የሚመለሰው እንደዚህ አይነቱ ነው፦ ጳውሎስ ቆሮንቶስ የገባው መቼ ነው፣ የጲላጦስ ትክክለኛ ሹመት ምን ነበር፣ ክርስቲያኖች ሕንፃ ከመስራታቸው በፊት የት ይሰበሰቡ ነበር፣ የማርቆስ ወንጌል የድሮ ቅጂዎች የት ላይ ያበቃሉ። ስለዚ መጀመሪያ የምታደርጉት ጥያቄያችሁን ማጥበብ ነው፣ ቦታና ጊዜ ወይ የሆነ ሰው ያለበት እስኪሆን ድረስ። ከዛ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ካልጻፋችሁት መሃል ላይ ሳታውቁት ይቀየርባችኋል፣ በተለይ ሌሊት ዩቲዩብ ላይ ከሆናችሁ።

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ነገር ጋር ስታመሳክሩ የ7 እና 8 ዓመቱን ልዩነት አትርሱ፣ አለበለዚያ ሁሉም ነገር ይዛባል።

የዘመን መስመር ስሩ፣ ግን ሁለት ዓምድ ያለው

ታላቁ ሄሮድስ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4 ዓመት ነው። ጲላጦስ ይሁዳን የገዛው ከ26 እስከ 36፣ ስቅለቱ አብዛኛው ተመራማሪ 30 ወይም 33 ላይ ነው የሚያደርገው። ሮም የተቃጠለችው 64፣ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የፈረሰው 70፣ የኒቅያ ጉባኤ 325። እነዚህን አስቀምጡና በአጠገቡ ሁለተኛ ዓምድ ክፈቱ፣ እዛ ላይ የምትጽፉት ጽሑፎቹ መቼ እንደተጻፉ ነው እንጂ ስለ መቼ እንደሚያወሩ አይደለም። ይሄን መለየት ቀላል ይመስላል ግን ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ሐዲስ ኪዳንን ስንገልጥ ማቴዎስ ስለሚቀድም መጀመሪያ የተጻፈው እሱ ይመስለናል። በጊዜ ካየነው ግን የሚቀድሙት የጳውሎስ መልእክቶች ናቸው። ተመራማሪዎች ጳውሎስ ራሱ ስለመጻፉ የማይከራከሩባቸው ሰባት ናቸው፦ ሮሜ፣ ሁለቱ ቆሮንቶስ፣ ገላትያ፣ ፊልጵስዩስ፣ አንደኛ ተሰሎንቄና ፊልሞና። አንደኛ ተሰሎንቄ 50 ዓ.ም አካባቢ ነው የሚባለው፣ ማርቆስ ደግሞ አብዛኛው ሰው 70 አካባቢ ያደርገዋል፣ ማቴዎስና ሉቃስ ከዛ በኋላ፣ ዮሐንስ ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ። ስለዚ የምትመረምሩት "የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ምን ያምኑ ነበር" የሚለውን ከሆነ ከጳውሎስ ጀምሩ። አንደኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ ጳውሎስ "የተቀበልኩትን ነው የሰጠኋችሁ" ብሎ ሞተ፣ ተቀበረ፣ ተነሣ፣ ታየ እያለ ይዘረዝራል፣ ይሄ ማለት ዝርዝሩ ከደብዳቤው በፊት ሲነገር የነበረ ነው፣ ጳውሎስ ያኔ የፈጠረው አይደለም። እንደዚህ አይነት ቦታ ስታገኙ አስምሩበት፣ ከወርቅ ይበልጣል።

አንድ ቋሚ ችካል ፈልጉ

ግን 50 ዓ.ም የሚለው ከየት መጣ? ይሄን አንዴ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል፣ ስለዚ ትንሽ ልቆይበት። ጳውሎስ ደብዳቤዎቹ ላይ ቀን አይጽፍም። የሐዋርያት ሥራ 18 ግን ጳውሎስ ቆሮንቶስ 18 ወር እንደተቀመጠና ጋልዮስ የአካይያ (ቆሮንቶስ ያለችበት የሮም አውራጃ) ገዢ በነበረ ጊዜ አይሁድ እሱ ፊት እንዳቀረቡት ይናገራል። ግሪክ አገር ደልፊ ላይ ደግሞ ከ1905 ጀምሮ የአንድ ጽሑፍ የድንጋይ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል፣ ሲገጣጠሙ ቄሣር ቀላውዴዎስ የላከው ደብዳቤ ሆነ፣ ደብዳቤው ውስጥ ቄሣሩ ጋልዮስን በስም ይጠቅሳል፣ ከላይ ደግሞ ቄሣሩ ለ26ኛ ጊዜ "ድል አድራጊ" ተብሎ እንደታወጀ ተጽፏል። ሌላ ሮም ያለ ጽሑፍ ላይ 27ኛው አዋጅ ከኦገስት 1 ቀን 52 በፊት መሆኑ ስለሚታወቅ የደልፊው ደብዳቤ ከዛ በፊት መሆን አለበት፣ ማለትም 52 መጀመሪያ ወራት አካባቢ። የአካይያ ገዢዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው የሚሾሙት፣ ሹመቱም በበጋቸው ነው የሚጀምረው፣ ስለዚ ጋልዮስ ከ51 እስከ 52 ገዢ ነበር ማለት ነው፣ ጳውሎስም በዛው አካባቢ ቆሮንቶስ ነበር።

አሁን ልብ በሉ፣ ድንጋዩ ላይ ጳውሎስ የሚባል ስም የለም። ክርስቲያን የሚል ቃል የለም። ድንጋዩ ስለ ደልፊ ከተማ ነዋሪ ማነስ ነው የሚያወራው። ግን ያ አሰልቺ የቢሮ ደብዳቤ የመላው ሐዲስ ኪዳን የዘመን አቆጣጠር የተንጠለጠለበት ችካል ሆነ። ከሱ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ጳውሎስ ገላትያ ላይ ከተጠራ ከሦስት ዓመት በኋላ ኢየሩሳሌም ሄጄ ጴጥሮስን አየሁት፣ ከዛ ደግሞ ከ14 ዓመት በኋላ እንደገና ሄድኩ ይላል። 14ቱ ሦስቱን ይጨምራል አይጨምርም የሚል ክርክር አለ፣ በየትኛውም መንገድ ብትቆጥሩት ግን ጥሪው 30ዎቹ ውስጥ ይወድቃል፣ ከስቅለቱ ጥቂት ዓመት ብቻ ርቆ። ይሄን ስሌት ራሳችሁ በወረቀት ስሩት፣ ከአምስት ዶክመንታሪ የበለጠ ያስተምራል።

ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ያሉትን ምስክሮች እንዴት እንጠይቃቸው

ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ፣ ሮማዊው ገዢ ፕሊኒና አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ በየቦታው ይጠቀሳሉ። መጥቀሱ ቀላል ነው፣ እያንዳንዱን ግን "አንተ ይሄን ከየት ሰማህ?" ብሎ መጠየቅ ነው ሥራው። ታሲተስ ወደ 116 አካባቢ ሲጽፍ ኔሮ የ64ቱን ቃጠሎ በክርስቲያኖች እንዳሳበበ፣ የስማቸው መነሻ የሆነው ክርስቶስም በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ እንደተገደለ ይናገራል። ጥሩ ምስክር ነው፣ ክርስቲያኖቹን ስለሚጠላ ሊያስደስታቸው ብሎ አልጻፈም። ግን ከክርስቲያኖቹ ራሳቸው ሰምቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ከሆነ ለብቻው የቆመ ምስክር አይሆንም። ደግሞ ታሲተስ ጲላጦስን "ፕሮኩራተር" በሚል የሹመት ማዕረግ ይጠራዋል። በ1961 ጣሊያኖች ቂሳርያ ላይ ሲቆፍሩ ድሮ ለሌላ ሥራ የነበረና በኋላ ቲያትር ቤት ውስጥ ለደረጃነት እንደገና ጥቅም ላይ የዋለ ድንጋይ አገኙ፣ ላዩ ላይ የጲላጦስ ስምና "የይሁዳ ፕሪፌክት" የሚል ማዕረግ ግማሹ ተሰብሮ ቀርቷል። የይሁዳ ገዢዎች ፕሮኩራተር መባል የጀመሩት በኋላ በ40ዎቹ ነው፣ ስለዚ ታሲተስ በሱ ዘመን የለመደውን ማዕረግ ወደ ኋላ ወስዶ ለጠፈለት። ትንሽ ስህተት ናት፣ ጲላጦስ አልነበረም አያስብልም፣ ግን ታሲተስ መዝገብ ቤት ገብቶ የጲላጦስን ፋይል አውጥቶ እንዳልጻፈ ትጠቁማለች።

ፕሊኒ ለኔ ከሁሉም ይጣፍጠኛል። 112 አካባቢ በዛሬዋ ሰሜን ቱርክ ገዢ ሆኖ ክርስቲያኖችን ሲመረምር ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ለቄሣር ትራያን ጻፈ። በተወሰነ ቀን ከመንጋቱ በፊት ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፣ ላለመስረቅና ላለማመንዘር ይማማላሉ፣ በኋላ ደግሞ ተሰብስበው ይበላሉ አለ። ሁለት ባሪያ ሴቶችን አሠቃይቶ መረመረ፣ ሴቶቹ በክርስቲያኖቹ ዘንድ የአገልጋይነት ማዕረግ ያላቸው ነበሩ። በአንድ ደብዳቤ አምልኮ፣ ሰዓት፣ የሴቶች ድርሻና የመንግሥት ፍርሃት ታገኛላችሁ፣ ደግሞ በቦታው የነበረ ሰው የጻፈው ነው።

ጆሴፈስ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በ93 እና 94 አካባቢ በጨረሰው የአይሁድ ታሪኩ ውስጥ ሁለት ቦታ ኢየሱስን ያነሳል። አንዱ የኢየሱስ ወንድም ያዕቆብ በ62 አካባቢ እንደተገደለ የሚናገረው ነው፣ ይሄን ብዙ ምሁራን ይቀበሉታል። ሌላው ረጅሙ ግን "እሱ ክርስቶስ ነበር" እያለ ይናገራል፣ ክርስቲያን ያልሆነ አይሁዳዊ እንዲህ ሊል አይችልም፣ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ የነበረው ክርስቲያን ጸሐፊ ኦሪገንም ጆሴፈስ ኢየሱስን ክርስቶስ ብሎ እንደማያምን ጽፏል። ስለዚ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ጆሴፈስ የሆነ ነገር ጽፎ ነበር፣ በኋላ ክርስቲያን ገልባጮች አዳበሩት ይላሉ። ይሄን ጥቅስ ሳይከፋፍል እንዳለ የሚያቀርብላችሁን ሰው ሌላውን ንግግሩንም በጥርጣሬ ስሙት።

አርኪዮሎጂው ለምን ዝም ይላል?

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ክርስቲያናዊ ነው ብለን በእርግጠኝነት የምናሳየው የአንደኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃ የለም። ይሄ ሊያስደነግጣችሁ አይገባም፣ አስቡት፦ ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ድሆች፣ መጀመሪያ ላይ አይሁዶች፣ የሚሰበሰቡት በሰው ቤት፣ የሚበሉበት ሳህን እንደ ጎረቤታቸው ሳህን ነው። የቆፈረ ሰው ሳህኑን ቢያገኘው እንኳ የክርስቲያን መሆኑን በምን ያውቃል?

ዝምታን እንዴት መመዘን እንዳለባችሁ የሚያሳይ ሌላ ነገር ልጨምር። ሄሮድስ ከሞተ በኋላ በተነሳው አመፅ የሮሙ ገዢ ቫሩስ ብቻውን ወደ 2000 ሰው እንደሰቀለ ጆሴፈስ ይናገራል። ከዛ ሁሉ ስቅለት በአገሩ አፈር ውስጥ በግልጽ የተገኘው ታዋቂ ማስረጃ በ1968 ኢየሩሳሌም አጠገብ ከአጥንት ማስቀመጫ ሣጥን የወጣ የአንድ ሰው የተረከዝ አጥንት ነው። ሣጥኑ ላይ "ይሆሐናን" የሚል ስም ተቀርጿል፣ ምስማሩ ተረከዙን ወግቶ አልፎ ጫፉ ታጥፏል፣ ሊነቅሉት ያልቻሉትም በዛ ሳይሆን አይቀርም። ባይታጠፍ ኖሮ ተነቅሎ አጥንቱን ማንም ልብ አይለውም ነበር። ስለዚ "አልተገኘም" ማለት "አልነበረም" ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ያው አጥንት ደግሞ የተሰቀለ ሰው አንዳንዴ በቤተሰብ መቃብር ሊቀበር እንደሚችል አሳይቷል፣ የኢየሱስን መቀበር አያረጋግጥም፣ ግን "የተሰቀለ ሰው በጭራሽ አይቀበርም" የሚለውን ክርክር ዘጋ።

የምናየው ነገር የሚጀምረው ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ ነው። ሶርያ ውስጥ ኤፍራጥስ ዳር ዱራ ኤውሮጶስ የምትባል የጦር ከተማ ነበረች። ፋርሶች ሊከቧት ሲመጡ ሮማውያን ወታደሮች የከተማውን ግንብ ለማጠናከር ግንቡ አጠገብ ያሉትን ቤቶች በአፈር ሞሏቸው፣ ከተማዋ 256 አካባቢ ወደቀች፣ ቤቶቹም ተቀብረው ቀሩ። በ1930ዎቹ ሲቆፈር ከተቀበሩት አንዱ የክርስቲያኖች መሰብሰቢያ ሆኖ ተገኘ። ከውጪ ስታዩት ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ውስጡ ግን ሁለት ክፍሎች መሃላቸው ያለው ግድግዳ ፈርሶ አንድ አዳራሽ ሆነዋል፣ ሌላ ትንሽ ክፍል ውስጥ የጥምቀት ገንዳ ተሰርቷል፣ ግድግዳው ላይ መልካሙ እረኛ፣ አልጋውን ተሸክሞ የሚሄደው ሽባ፣ በውሃ ላይ መራመድ፣ ወደ መቃብር የሚሄዱ ሴቶች ተሥለዋል። ልስኑ ላይ የተጫረ ጽሑፍ ከ232 እስከ 233 ያለውን ዓመት ይሰጠናል። እዛው መንደር ውስጥ ሥዕሎች የሞሉበት ምኩራብም አለ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት አይሁድና ክርስቲያን እንዴት ጎረቤት እንደነበሩ ያሳያል። የክርስቲያኖቹ ቤት ሥዕሎች አሁን አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ናቸው፣ ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ታገኛላችሁ፣ ግን ፎቶውን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ፕላን ፈልጉ፣ ታሪኩ ያለው ፕላኑ ላይ ነው።

ዕቃው ሳይሆን ጉድጓዱ

አዲስ ግኝት የሚል ዜና ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ምን ይላል" ሳይሆን "የት ተገኘ፣ ማን አገኘው፣ በየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከሱ ጋር ምን ሳንቲምና ሸክላ ነበር" የሚለውን ነው። ከቅርስ ነጋዴ የተገዛ ነገር ይሄን ሁሉ አያውቅም፣ አፈሩ ተራግፎ ነው የሚመጣው። በ2002 "የዮሴፍ ልጅ ያዕቆብ፣ የኢየሱስ ወንድም" የሚል የአጥንት ሣጥን ዓለምን አናወጠ፣ የእስራኤል የቅርስ ባለሥልጣን በ2003 ጽሑፉ ፎርጅድ ነው አለ፣ ፍርድ ቤቱ ግን በ2012 ባለቤቱን ከፎርጅድ ክሱ ነፃ ሲያወጣ ይሄ ማለት ጽሑፉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም ብሎ ጨመረበት። ከቁፋሮ የወጣ ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልኖረ።

የላብራቶሪ ውጤትም ብቻውን አያድናችሁም። በ2012 ኢየሱስ "ሚስቴ" ሲል የሚጠቅስ የቅብጥ ጽሑፍ ቁራጭ ተገኘ ተባለ። ፓፒረሱ (ከደንገል የሚሠራ የድሮ መጻፊያ) ሲመረመር በእርግጥም የድሮ ነበር፣ ግን ባዶ የድሮ ፓፒረስ ማግኘት ይቻላል። ጉዱን ያወጣው ጽሑፉ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ካለ የቶማስ ወንጌል (መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያልገባ የድሮ ጽሑፍ) ቅጂ ውስጥ የነበረች የትየባ ስህተት ሳትቀር ተገልብጣ ተገኘች፣ በ2016 ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ የቁራጩን ባለቤት ማንነት ተከታትሎ ጉዱን አፈረጠው። በ2020 ዋሽንግተን ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም የያዛቸው 16 "የሙት ባሕር ጥቅልሎች" ቁራጮች በሙሉ ሐሰተኛ ሆነው ተገኙ። በሙሉ!

ስለ ሙት ባሕር ካነሳን፣ ከ1947 ጀምሮ ኩምራን ዋሻዎች ውስጥ የተገኙት እውነተኛዎቹ ጥቅልሎች ክርስቲያናዊ ጽሑፍ የለባቸውም፣ ጥቅማቸው ኢየሱስ የኖረበትን የአይሁድ ዓለም ማሳየታቸው ነው። እዚህ ላይ እኛ የግዕዝ ልጆች ትንሽ ዕድለኛ ነን፣ የይሁዳ መልእክት የሚጠቅሰው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፣ ኩምራን ላይ ደግሞ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኙ። በእጃችሁ ያለውን መጽሐፍ ከዋሻው ቁርጥራጭ ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ።

የፓፒረስ ዘመን ስታነቡ ቁጥሩን እንደ ልደት ካርድ አትያዙት። ፒ 52 የሚባለው ከዮሐንስ 18 የቀረ የመዳፍ ያህል ቁራጭ በየቦታው "125 ዓ.ም" ተብሎ ይጻፋል፣ ግን ቀኑ የተገመተው ከእጅ ጽሑፉ ቅርጽ ነው፣ አንድ ጸሐፊ የለመደውን ቅርጽ ዕድሜውን ሙሉ ይጽፋል፣ ስለዚ ጠንቃቃ ተመራማሪዎች ሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዛም ወዲህ ሊደርስ ይችላል ይላሉ። "የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ማርቆስ" ተብሎ ለዓመታት የተወራለት ቁራጭም በ2018 ሲታተም ሁለተኛው መጨረሻ ወይ ሦስተኛው መጀመሪያ ሆኖ አረፈው።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ

ኮዴክስ ሲናይቲከስ፣ የአራተኛው ክፍለ ዘመን ብራና፣ ገጽ በገጽ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ። ግሪክ ባታነቡም ግድ የለም፣ ድረ ገጹ ቁጥሩን ይመራችኋል። ማርቆስ 16 ላይ ሂዱ። ሴቶቹ ፈርተው ለማንም ምንም አልነገሩም በሚለው፣ ቁጥር 8 ላይ ያበቃል፣ ቀጣዩ ዓምድ ላይ ሉቃስ ይጀምራል። ሌላው የአራተኛው ክፍለ ዘመን ብራና፣ ኮዴክስ ቫቲካነስም፣ እዛው ያበቃል፣ እሱ ደግሞ ከዛ ቀጥሎ ባዶ ዓምድ ትቷል፣ ለምን እንደተወው ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከራሉ።

እዚህ ላይ ቆማችሁ "ቁጥር 9 እስከ 20 በኋላ የተጨመረ ነው፣ አራተኛው ክፍለ ዘመን ላይ አልነበረም" ብላችሁ ለመደምደም ትቸኩላላችሁ። ቆይ። የቤተ ክርስቲያን አባት ኢሬኔዎስ 180 አካባቢ ሲጽፍ ቁጥር 19ን ማርቆስ ብሎ ይጠቅሳል። ማለትም ረጅሙ መጨረሻ ከነዚህ ሁለት ብራናዎች ከ100 ዓመት በላይ ቀድሞ ሲነበብ ነበር፣ ብራናዎቹ ግን ከሱ በፊት የነበረ አጭር ቅጂ ወርሰው ሊሆን ይችላል። የብራናው ዕድሜ ሌላ፣ ብራናው ላይ ያለው ንባብ ዕድሜ ሌላ። ወረቀታችሁ ላይ ለሁለቱም የየራሱ ዓምድ ክፈቱና ኢሬኔዎስን ከብራናዎቹ በላይ ጻፉት፣ ከዛ ቀጥሎ ከኢሬኔዎስ በፊት ያለ ምስክር ፈልጉ።